ከሣጥን የወጣው ባሕታዊ

ባለፈው እትም ከኮምቦልቻ የደረሰኝን አንድ ደብዳቤ በሁለት መስመር ጠቅሼ፣ ጉዳዩ «ዕድሜውን ሙሉ ስለ ጾመና በካባው ባሕር ተሻገረ ስለሚባል የካቶሊክ ባሕታዊ» መሆኑን ነግሬያችሁ ነበር። መልሱን አጣርቼ እስክጨርስ ሌሎች ሦስት ደብዳቤዎች ተከትለው መጡ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ጡረታ ሰነድና ስለ ልጆች ፈተና የጻፋችሁልኝ እስከሚቀጥለው እትም ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። አያቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ከአሮጌ የግብር ደረሰኞች ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ፣ መዳፍ የሚያህል የወፍራም ወረቀት ሥዕል አገኘሁ። አንድ ጥጉን አይጥ በልቶታል። ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ቆብ ደፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘንግ ላይ ደራርበው ወደ ላይ ያያሉ። ከፊታቸው እንደ ፀሐይ የሚያበራ ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ጎረቤታችን የሆነች ነርስ ‹ካሪታስ› ብላ አነበበችልኝ፤ ከግርጌው ደግሞ ‹ሳን ፍራንቼስኮ ዲ ፓኦላ› ይላል አለችኝ። ሣጥኑን ለአያቴ የተወለት አባቱ ነው። ቅድመ አያቴ በጣሊያን ጊዜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ጠራቢ ነበር ይባላል። እናቴ ሥዕሉን እንዳየች ‹አቡዬ ናቸው!› ብላ ጧፍ አበራች። አጎቴ ደግሞ ‹የፈረንጅ ሥዕል ነው፣ ከቤት ይውጣ› ብሎ ተቆጣ። እኒህ ሰው ማን ናቸው? ካቶሊኮችስ ባሕታዊ አላቸው ወይ? ሥዕሉን ምን እናድርገው?»

መልስ፦ እናትሽ የሳቱት ስሙን ብቻ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው በእርግጥ ባሕታዊ ነበር፤ የዝቋላው ጻድቅ ግን አይደለም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በእኛ ሥዕል አካላቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው ነው የምናያቸው። አንቺ የጻፍሽልኝ ስለ ቆብ፣ ስለ ዘንግና በብርሃን ክብ ውስጥ ስላለ ቃል ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሥዕል ከተገናኙ ሰውየው ፍራንቸስኮስ ዘፓኦላ ነው። «ካሪታስ» በላቲን ፍቅር ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ «እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር» ያላቸውን ሦስቱን ሲጠራ በላቲኑ መጽሐፍ ሦስተኛው ቃል ይኸው ነው። ሠዓሊዎች ይህን ቃል ከእርሱ አይለዩትም።

እኔ ከዚህ ሰው ጋር የተዋወቅሁት በቤተ ክርስቲያን በኩል አይደለም። ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ደሴ ውስጥ በማስተምርበት ክፍል 2ን በራሱ ደጋግመን እያባዛን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ አንዳንዴ ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) እንደምናገኝ፣ 3፣ 7፣ 31፣ 127 እያልኩ በጠመኔ እጽፍ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የሚጠሩት ማሪን መርሴን በሚባል ፈረንሳዊ ስም ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «መርሴን ማን ነው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ፈልጌ ሳገኘው መነኩሴ ሆኖ አገኘሁት፦ ከ1588 እስከ 1648 የኖረ፣ በፓሪስ ገዳም ተቀምጦ ከዘመኑ ሊቃውንት ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ፣ «ሚኒም» የሚባል ማኅበር መነኩሴ። ሚኒም ማለት ከሁሉ ያነሱ፣ የታናናሾች ታናናሽ ማለት ነው። ለራሱ እንዲህ ያለ ስም የሚመርጥ ማኅበር ማን መሠረተው ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ያንቺ ሣጥን ሽማግሌ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። ደብዳቤሽን ስከፍት እጄ የተንቀጠቀጠው በእርጅና ብቻ አይደለም።

የተወለደው በ1416 በደቡብ ኢጣሊያ፣ በካላብሪያ አውራጃ፣ ፓኦላ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። በእኛ ሀገር ያን ጊዜ ዐፄ ይስሐቅ ነግሠው ነበር። አባቱ ጃኮሞ፣ እናቱ ቪዬና ይባላሉ፤ ለብዙ ዓመታት ልጅ አጥተው የአሲዚውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስን ተማጽነው ያገኙት ነው። ስሙም ከዚያ መጣ። ሕፃኑ ገና በጨቅላነቱ ዓይኑ ታመመ። እናቱ «ዓይኑ ከዳነ አንድ ዓመት የፍራንቸስካውያንን ልብስ ለብሶ ያገለግላል» ብላ ተሳለች። ዓይኑ ዳነ። ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው ሳን ማርኮ አርጀንታኖ ወደሚባል ስፍራ ወደ ፍራንቸስካውያን ቤት ሄዶ የእናቱን ስለት በገዛ አካሉ ከፈለ። ስለት የገባ ሰው ባለበት ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግብኝም። እናት ትሳላለች፤ ልጅ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁ የራሱን መንገድ ጀመረ።

ዓመቱ ሲያልቅ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሲዚና ወደ ሮም ተሳለመ። ሲመለሱ ወደ ቤት አልገባም። መጀመሪያ በአባቱ መሬት ላይ ለብቻው ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ራቅ ወዳለ ዋሻ ገባ። ድንጋይ ላይ ይተኛል፤ የሚበላው ቅጠላ ቅጠል ነው። የእኛ መነኮሳት ቋርፍ የሚሉትን ዓይነት ምግብ አስቢ። እንዲህ ሲያደርግ ገና 15 ዓመት ገደማ ነበር። በ1435 አካባቢ ሁለት ሰዎች መጥተው «ከአንተ ጋር እንኑር» አሉት። የአካባቢው ሰው ሦስት ትንንሽ በዓቶችና አንዲት የጸሎት ቤት ሠራላቸው። ማኅበሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1474 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ሲፈቅዱለት የተሰጠው ስም «የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ባሕታውያን» የሚል ነበር፤ ሚኒም የተባሉት ኋላ ነው። በነገራችን ላይ በሮም፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለሀበሻ መነኮሳት የሰጡት እኚሁ ሲክስቶስ 4ኛ ናቸው። ፍራንቸስኮስ በካላብሪያ ዋሻውን በያዘበት ዘመን የእኛም መነኮሳት ከኢየሩሳሌም እስከ ፍሎረንስ ይደርሱ ነበር።

ስለዚህ «ካቶሊኮች ባሕታዊ አላቸው ወይ?» ለሚለው መልሱ አዎን ነው። ብሕትውና ከግብፅ በረሃ፣ ከአባ እንጦንስ የወጣ የጋራ ውርስ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ከመለያየታቸው በፊት የነበረ ነገር ነው። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትን ሐይቅ እስጢፋኖስን እናገኛለን። እኔ ሴት ስለሆንኩ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ውኃው ዳር ቁጭ ብዬ ግን ደወሉን ሰምቻለሁ። በአማርኛ ሁሉንም «መነኩሴ» ብለን ስለምንጠራ አንድ ልዩነት ይጠፋናል። በካቶሊኮች ዘንድ ከገዳሙ ቅጥር የማይወጣ መነኩሴ አለ፤ በሕዝብ መካከል እየኖረ፣ ሰው በሰጠው የሚያድርና «ወንድም» ተብሎ የሚጠራ ደግሞ አለ። ፍራንቸስኮስ ሁለቱን በአንድ ልብስ ለበሳቸው። ልቡ የዋሻ ሰው ነው፤ በሩ ግን የወንድም በር ነው። ካህን እንኳ አልነበረም።

ቅድመ አያትሽ ድንጋይ ጠራቢ ስለነበሩ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በ1454 አካባቢ በፓኦላ ትልቁ ቤተ ክርስቲያንና ገዳም መሠራት ሲጀምር አገሩ ሁሉ በደቦ ወጣ። መሳፍንቱ ሳይቀሩ ድንጋይ ተሸከሙ። የዚያ ሥራ የኖራ እቶን ዛሬም በፓኦላ ለተሳላሚ ይታያል። ስለ እቶኑ የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ነው፦ ፍራንቸስኮስ ማርቲኔሎ የሚላት አንዲት ግልገል ነበረችው። የተራቡ ሠራተኞች አርደው በሏትና አጥንቷንና ቆዳዋን እቶኑ ውስጥ ጣሉት። እርሱ መጥቶ «ግልገሏስ?» አለ። «በላናት» አሉት። ወደ እቶኑ አፍ ጎንበስ ብሎ በስሟ ቢጠራት ድምፅዋን እያሰማች ወጣች ይላሉ። እኔ ከተአምሩ ይልቅ የሚነካኝ ሌላው ነው፤ በትውፊቱ ውስጥ ሠራተኞቹን ሲቆጣ አናይም። ድንጋይ ስትሸከም የዋለች ገላ ምን ያህል እንደምትርብ ያውቅ ነበር። ሐረጎ ላይ ድንጋይ ሲጠርቡ የዋሉ ሰው ይህን ሥዕል ከሥራ ባልደረባ ተቀብለው በጨርቅ ጠቅልለው ቢያኖሩት አይገርመኝም። የደቡብ ኢጣሊያ ሰዎች ይህን ቅዱስ እጅግ ይወዱታል፤ ትንንሽ ሥዕሉንም በኪሳቸው ይይዛሉ።

አጎትሽንም አልወቅሳቸውም። ቁጣቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። እዚሁ በደጃችን በቦሩ ሜዳ በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት ነገር አንድ እንዲሆን አዘዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚስዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ ከሀገር እንዲወጣ ተደረገ። ደሴ ደግሞ በ1935 በጣሊያን አውሮፕላን የተደበደበች ከተማ ናት፤ እናቴ ስለዚያ ቀን ስታወራ ድምፅዋ ይቀንስ ነበር። ግን ይህ ሽማግሌ የሞተው በ1507 ነው። ኢጣሊያ የምትባል አንዲት መንግሥት ባልነበረችበት ዘመን፣ በዋሻ የኖረ የካላብሪያ ድሃ ነው። የፋሽስትን ዕዳ እርሱ አይከፍልም።

ሥዕሉን አትጣሉት። ፕላስቲክም አታስለብሱት፤ በሙጫም አትለጥፉት። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሽ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አኑሪው። በሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ማን እንዳስቀመጠው፣ የት ሲሠሩ እንደነበርና መቼ እንደተገኘ የምታውቂውን ሁሉ ጽፈሽ አብረሽ አስቀምጪ። የጧፉን ነገር እናትሽ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ እዚያ ውስጥ እኔ አልገባም።

ጥያቄ፦ «ለአዘጋጇ፦ እኔ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኩላሊቱን ታሞ ሳለ አንድ ሰንሰለት የታጠቀ፣ ጠጉሩን ያጎፈረ ‹ባሕታዊ ነኝ› ባይ ወደ ቤታችን መጣ። ‹መድኃኒቱን ያቋርጥ፣ በ40 ቀን ይድናል› ብሎ ከእናታችን ብዙ ብር ወሰደ። ወንድሜ ሊሞት ደርሶ ሐኪም ቤት ገብቶ ተረፈ። እርስዎ ባለፈው እትም ባሕታዊን ሲያደንቁ ሳይ ተናደድኩ። እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን እንለየው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ልክ ነው። ወንድምህ በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ለእናትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የተታለሉት ልጃቸውን ስለወደዱ ነውና አትውቀሳቸው። ምልክቱን ግን ከራሴ አልነግርህም። ይህ ባሕታዊ በአንድ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ያደረገውን ልንገርህ፤ አንተ ቤታችሁ ከመጣው ሰው ጋር አስተያየው።

በሽተኛው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ነበር። ሞትን ከምንም በላይ ይፈራ ነበር። አካሉ ሲደክምና ሐኪሞች ሲሰለቹ በካላብሪያ ስላለው ባሕታዊ ሰማ፤ መልእክተኛ ላከበት። ፍራንቸስኮስ እምቢ አለ። ንጉሥ ጠራኝ ብሎ ዋሻውን የሚተው ሰው አልነበረም። ሉዊ ወደ ሮም ላከ፤ ሲክስቶስ 4ኛ «ሂድ» ብለው አዘዙት። በመታዘዝ ብቻ በ1483 በ67 ዓመቱ ከሀገሩ ወጣ።

መንገዱ በናፖሊ በኩል ነበር። የናፖሊው ንጉሥ ፌራንቴ ሕዝቡን በግብር ያስጨነቀ ሰው ነው። ለገዳም ማሠሪያ ብሎ ወርቅ አቀረበለት። ትውፊቱ እንደሚለው ፍራንቸስኮስ ከሳሕኑ አንዲት የወርቅ ሳንቲም አንሥቶ በጣቶቹ ሰበራት፤ ደም ከእርሷ ተንጠባጠበ። «ይህ የሕዝብህ ደም ነው» ብሎ ወርቁን ሳይነካ ወጣ ይባላል። ደሙ ወጣም አልወጣም፣ ወርቁን አለመውሰዱና ለንጉሥ ፊት ለፊት መናገሩ ከሕይወቱ ሁሉ ጋር የሚስማማ ነው።

ፈረንሳይ ሲደርስ ሉዊ ከእግሩ ሥር ተንበርክኮ ዕድሜውን እንዲያስረዝምለት ለመነው። አሁን በደንብ ተመልከት። ይህ ሰው «በ40 ቀን ትድናለህ» ቢል ኖሮ ያሻውን ያገኝ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ቃል ነው። እርሱ ግን የንጉሥም ዕድሜ ልክ እንዳለው፣ ልኩም በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን ነገረው። መድኃኒትህን ተው አላለውም፤ ትድናለህ ብሎም አላታለለውም። አጠገቡ ተቀመጠ። ስጦታ ቢያቀርብለት አልተቀበለም። ቀናት አለፉ፤ ሳምንታት አለፉ። ያ በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ንጉሥ እየረጋ፣ ልጆቹን አደራ እየሰጠ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1483 ባሕታዊው አጠገቡ እንዳለ ሞተ።

ያልፈወሰው ባሕታዊ ለምን ቅዱስ ተባለ ብትለኝ፣ እኔ ይህን ታሪክ ከግልገሏና ከሳንቲሙ አስበልጬ የምወደው ለዚሁ ነው። የሚሞትን ሰው ሳይዋሹ አብሮ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ የታመመ ያስታመመ ያውቃል። እናቴን ሳስታምም ጎረቤት ሁሉ «ደህና ነሽ፣ ነገ ትነሻለሽ» ይላት ነበር። እርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። አንዲት ሴት ብቻ፣ ሰኞ ገበያ ጎመን የምትሸጥ፣ ማታ ማታ መጥታ ምንም ሳትናገር እግሯን ታሽላት ነበር። እናቴ በዓይኗ የምትፈልገው እርሷን ነበር።

ሉዊ ከሞተ በኋላም የ13 ዓመት ልጁ ሻርል 8ኛ ፍራንቸስኮስን አልለቀቀውም። በቤተ መንግሥቱ ደጅ ገዳም ሠራለት፤ በሮምም ለማኅበሩ ቤት ሰጠ። ባሕታዊው 24 ዓመት በሰው ሀገር ኖረ፤ ወደ ፓኦላው ዋሻ ዳግመኛ አልተመለሰም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ብቻውን ለመሆን የወጣ ልጅ፣ ዕድሜው በገፋ ጊዜ የቤተ መንግሥት ጎረቤት ሆነ። ሚያዝያ 2 ቀን 1507 ዐርብ ስቅለት ዕለት በ91 ዓመቱ ዐረፈ። በ12ኛው ዓመት፣ በ1519፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 10ኛ ቅዱስ ብለው ሰየሙት። በ1562 በፈረንሳይ የሃይማኖት ጦርነት ጊዜ ፕሮቴስታንቶች መቃብሩን ከፍተው አስከሬኑን አቃጠሉት፤ ከእሳቱ የተረፈውን አጥንት ሰዎች ለቅመው አስቀመጡ።

ወደ እናንተ ቤት የመጣውን ሰው ግን ለአካባቢያችሁ ፖሊስና ለደብራችሁ አስተዳዳሪ አሳውቁ። ነገ የሌላ እናት በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ «አሰላሙ አለይኩም እታለም። እኔ ሙስሊም ነኝ። አያቴ በወጣትነታቸው ከሼሃቸው ዘንድ ከሰው ተለይተው ኸልዋ ይገቡ ነበር፤ ቀኑን ጾመው ሌሊቱን በዚክር ያሳልፉ ነበር ይባላል። ያ ባሕታዊ ዕድሜ ልኩን ጾመ ስትይ፣ ቀን ቀን ምንም አይቀምስም ማለት ነው ወይስ ምን? ከኸልዋ ጋርስ ይመሳሰላል?»

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ስለ ኸልዋ እኔ አንተን ላስተምር አልችልም፤ ከአያትህ የሰማኸውን የሚያሟሉልህ ሼሆች ወሎ ውስጥ ሞልተዋል። የእርሱን ጾም ግን ልንገርህ። መነኮሳት ሁሉ መታዘዝን፣ ድህነትንና ንጽሕናን ይሳላሉ። እርሱ ለማኅበሩ አራተኛ ስለት ጨመረ፦ ዐቢይ ጾምን ዕድሜ ልክ መጾም። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ የለም። በጽኑ የታመመ ብቻ በሐኪም ትእዛዝ ይፈታለታል። ዝርዝሩን ለማንኛዋም የደሴ ክርስቲያን እናት ብታነብላት «ታዲያ የእኛ ጾም አይደል?» ትልሃለች። ልዩነቱ እኛ 55 ቀን ጾመን ለፋሲካ ዶሮ እናርዳለን፤ እነርሱ ግን ፋሲካውንም በዘይት ያሳልፉታል። ፍስክ የሌለው ዓመት ማለት ነው። ቀን ሙሉ አለመቅመስ ሳይሆን፣ ማዕዱ መቼም አለመለወጡ ነው ክብደቱ። ሁለቱ ይመሳሰላሉ አልልህም፤ አያትህና እርሱ ግን ረኃብን በፈቃዳቸው የመረጡ ሰዎች ናቸው፤ ቢገናኙ የሚያወጉት አያጡም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ «እኔ ደሴ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በካባው ባሕር ተሻገረ የሚለውን ያምኑበታል? የሒሳብ አስተማሪ ሆነው?»

መልስ፦ ልጄ፣ ደፋር ጥያቄ ነው፤ እወድሃለሁ። መጀመሪያ የሚባለውን ልንገርህ። በ1464 ፍራንቸስኮስ ከካላብሪያ ወደ ሲሲሊ ደሴት ሊሻገር መጣ። መካከል ያለው የሜሲና የባሕር ወሽመጥ ጠባቡ ቦታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀልባ ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ባለ ጀልባው «ያልከፈለ አይሳፈርም» አለው። ባሕታዊው ካባውን አውልቆ ውኃው ላይ ዘረጋው፤ አንዱን ጫፍ በዘንጉ ላይ እንደ ሸራ አንሥቶ ተሻገረ። ለዚህም ነው በ1943 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የኢጣሊያ ባሕረኞች ጠባቂ ብለው የሰየሙት።

ካባ ሰው ይሸከማል ወይ ብለህ በሰሌዳ ላይ ብታሰላው መልሱን ታውቀዋለህ፤ እኔም አውቀዋለሁ። ተአምር ስሌት ሲሆን ተአምር መሆኑ ይቀራልና እዚያ ላይ አልከራከርህም። የታሪኩን መጀመሪያ ግን ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። ባለ ጀልባ ነበር። ድሃ ሰው መጣበት። ትቶት ሄደ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርጎ አሰብ ይመላለስ ነበር። አንድ ክረምት ወደ ማታ ሐረጎን ሲወርድ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ከኩርባዎቹ በአንደኛዋ ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ዘንጋቸውን አንሥተው አስቆሙት። ነጠላቸው ከዝናቡ የተነሣ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። «ልጄ፣ እስከ ኮምቦልቻ አድርሰኝ፤ የምከፍለው ግን የለኝም» አሉት። ከአባቴ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። የመኪናው ባለቤት ግን ሰው እንዳይጭን አስጠንቅቆታል፤ በዚያ ሳምንት አንድ ሹፌር በዚሁ ምክንያት ከሥራ ተባሯል። «ይቅርታ አባ፣ ተከልክያለሁ» ብሎ ማርሽ አስገባ። በጎን መስታወት ሲያይ ሽማግሌው አልተቆጡም። ዘንጋቸውን ወደ መሬት መልሰው፣ ለሚርቀው መኪና በእጃቸው እያማተቡለት ነበር።

ኮምቦልቻ ደርሶ እራት አልበላም። መኪናውን አዙሮ በጨለማ ወደ ላይ ተመለሰ። ኩርባዋ ላይ ማንም አልነበረም። ይህን የነገረን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ካንተ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ባንስ ነው። ከዚያ በኋላ አብሬው በተጓዝኩበት ጊዜ ሁሉ ያችን ኩርባ በደንብ አወቅኋት፤ ከታች የቦርከና ወንዝ የሚታይባት፣ በስተግራ አንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ያለባት ናት። ጡረታ እስከወጣ ድረስ፣ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ በሆነ ጊዜ፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ዳር ይዞ ይቆም ነበር። መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ወደ ጉሙ ትንሽ ያያል፤ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።